ምንም አልሆነም

ስልኬ ውስጥ አርባ ሰከንድ የማትሞላ ቪዲዮ አለች። አምስታችንም ጭቃ በጭቃ ሆነን፣ ፀጉራችን ላይ ቅጠል ተለጥፎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንስቃለን። ከኋላችን ቡና የመሰለ ውኃ ይጮኻል። አንዷ ጓደኛችን ካሜራውን ወደ ራሷ አዙራ «ተርፈናል!» ትላለች። ሌላው ከጎኗ «ኧረ ምንም አልሆነም፣ አታካብጂ!» ይላታል። እዚያ ላይ ታበቃለች። ለጥፈናት ብዙ ሰው ወዷታል።

ልብ ብሎ ላየ፣ ጥግ ላይ ግማሽ ትከሻው ብቻ የሚታይ ስድስተኛ ሰው አለ። ትከሻው ላይ የተንጠለጠለው ቦርሳ የኔ ነው። ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ ትከሻና ስለዚያ ቦርሳ ነው። እንቅልፍ ስለነሳኝ አንድ ጥያቄም ነው፦ መጥፎ ውሳኔ ወስነህ ምንም ሳይሆን ብትመለስ፣ ምን አጠፋህ ይባላል?

ነገሩ የጀመረው ከዩቲዩብ ነው። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ በቀን ዘጠኝ አሥር ሰዓት ወንበር ላይ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ የማየው ሰዎች በአሜሪካ በረሃ፣ በዩታና በአሪዞና፣ ሰው ጎኑን አዙሮ ብቻ በሚያልፍባቸው ጠባብ የድንጋይ ሸለቆዎች ውስጥ በገመድ ሲወርዱ ነው። ግድግዳው ቀይ ነው፣ ውኃ ለብዙ ሺህ ዓመታት የሞረደው። ብርሃኑ ከላይ በቀጭኑ ይወርዳል። ለጓደኞቼ ላኩላቸው። «እኛስ ምን አጥተን?» አለ አንዱ። እውነትም አገራችን የገደልና የሸለቆ ድሃ አይደለችም፤ ዌይብ ወንዝ ተራራ ሰርስሮ የሚያልፍበት ሶፍ ዑመር አለ፣ የዓባይ ሸለቆ አለ። ከመካከላችን ቦንጋ ዘመድ ያላት ልጅ ግን «ካፋ ውስጥ ጫካ መሃል አንድ ሸጥ አለ፣ ውስጥ ለውስጥ ይኬዳል» አለችን። የዓድዋ በዓል ከቅዳሜና እሁድ ጋር ተገጣጥሞ ነበር። በቃ፣ ተነሳን።

ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጎ ቦንጋ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ጎጀብን ከተሻገሩ በኋላ አገሩ ይለወጣል። በየካቲት አቧራ የለበሰ ከተማ ትተን የመጣን ሰዎች ነን፤ እዚያ ግን ዛፉ ራሱ ሌላ ዛፍ ተሸክሟል፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ሽበት አብቅሏል፣ ጉሬዛው ከጫፍ ጫፍ ይዘላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ጫካ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው በከንቱ አይደለም፤ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙዚየሙን አየን፣ ባርታ ፏፏቴ ሄድን፣ ወንዝ ከሥሩ የሚያልፍበትን፣ ማንም ያልገነባውን የእግዜር ድልድይ አየን። በረሃ ልናስመስል የመጣነው የበረሃን ተቃራኒ ነበር።

አንድ ነገር ግን አብሮን ከአዲስ አበባ መጥቷል። የካቲት ማለት ፀሐይ ነው የሚል የሸገር ሰው እምነት። ካፋ ውስጥ ዝናብ የማያውቀው ወር ማግኘት ይከብዳል፤ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ ጭራሽ መጠናከር ይጀምራል። ይሄን የነገረን ሰው አልነበረም። ማለቴ፣ ነበር። አልሰማነውም።

የሸጡን ስም አልጽፍም፤ ይሄን አንብቦ የሚሄድ እንዳይኖር ነው። የመራንን ልጅም ስሙን አልጽፍም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚያው ነው ተወልዶ ያደገው። ዋጋ የተስማማነው ማታ ላይ ነው። ጠዋት ስንገናኝ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ከኛ በላይ ያለውን ሰማይ አላየም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። እሱ የሚያየው በስተምሥራቅ ያለውን ጋራ ነው።

«ላይ ዘንቧል፤ ሌሊት፤ አሁንም ደመና አለ» አለን።

«እዚህ እኮ ፀሐይ ነው» አልነው።

«እዚህማ ምን ያደርጋል? ውኃው የሚመጣው ከላይ ነው።»

አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ የአየር ሁኔታ የሚያሳየውን አፕ ከፈተና ስክሪኑን ወደ ልጁ አዞረለት። ቦንጋ፦ ፀሐይ። ልጁ ስክሪኑን አየ፣ ፈገግ አለ፣ ምንም አላለም። «ከአዲስ አበባ ድረስ እኮ ነው የመጣነው» አለ ሌላው። «እስከ መሃል ገብተን እንመለሳለን» አልኩ እኔ። በመጨረሻ አንዳችን፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ እኔ አይደለሁም ግን አልተቃወምኩም፣ «ሂሳብም እንጨምርልሃለን» አለ።

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ እንሂድ» ብሎ ፊት ፊት ሄደ።

እዚህ ላይ ላታልላችሁ አልፈልግም፤ ሸጡ ውብ ነው። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ሽበት ለብሷል፤ ከስንጥቁ ሁሉ ፈርን ተንጠልጥሏል። ውኃው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ ይደርሳል፤ ያንቀጠቅጣል። አንድ ቦታ የሁለት ሰው ቁመት የሚሆን ዝላይ አለ፤ ልጁ ገመዱን ከወፍራም ሥር ጋር አስሮ አንድ በአንድ አወረደን። የጮህነው ጩኸት ግድግዳው ተቀብሎ ይመልሰዋል። ለዓመታት እንደዚያ አልሳቅኩም። አበሻ «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት በዚያ ሰዓት ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ቅጠል ነው። ብዙ ቅጠል፣ አንድ ላይ። ከዚያ ውኃው ቀለም ቀየረ። እኛ ፎቶ እየተነሳን ነበር፤ ልጁ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲያዳምጥ አየሁት። «ውጡ! ውጡ! በዚህ!» አለ፣ ድምፁን ከዚያ በፊት ከፍ አድርጎ ሰምተነው አናውቅም። በጎን በኩል ሥር እየጨበጡ የሚወጣበት ጥግ ነበር፤ አንድ በአንድ ከሥር እየገፋ አወጣን። እኔ አራተኛ ነበርኩ። ላይ ደርሼ ዞር ስል ቦርሳዬ ታች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፎቶ ልነሳ ብዬ ያወረድኩት ነው። ውስጡ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ አለ። ጫካ ውስጥ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል ብትሉኝ፣ ምናልባት ሰርቨር ከወደቀ ብዬ ነው።

«ቦርሳዬ!» አልኩ።

ይሄ ብቻ ነው ያልኩት። «አምጣልኝ» አላልኩም። ልጁ የመጨረሻዋን ጓደኛችንን ገፍቶ ካወጣት በኋላ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቦርሳውን አየ፤ ወደ ላይኛው መታጠፊያ አየ። ሄደ። ሲሄድ ውኃው ጉልበቱ ነበር፤ ሲመለስ ደረቱ። አንድ ግንድ መሰለኝ ከጎኑ አለፈ። ሥሩን ጨበጠ፤ ሦስታችን እጁን ይዘን ሳብነው። ከወጣ በኋላ፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ አይታይም ነበር።

ከዚያ ሳቅን። ቪዲዮዋን ያነሳነው ያኔ ነው። ማታ ከተስማማነው በላይ 1,000 ብር ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ስሜት ነው።

የፍልስፍና ሰዎች ለዚህ ነገር ስም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ሁለት ፈላስፎች «የሞራል ዕድል» ስለሚባል ጉዳይ ተከራከሩ። ኔግል ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱን ወደኛ መንገድ ላምጣው። ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ከጅማ ተነሱ እንበል። ሁለቱም ፍሬናቸውን ሳያስፈትሹ ነው የወጡት። አንዱ በሰላም ገብቶ ራቱን በልቶ ተኛ። በሌላው ፊት ልጅ ዘሎ ገባ። ሁለተኛውን እናስረዋለን፤ እሱም ራሱን ዕድሜ ልኩን ይከሳል። የመጀመሪያውን ማንም አይጠይቀውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን አንድ ልጅ መንገድ ማቋረጡ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሁለቱም አልወሰኑትም።

ካንት ቢጠየቅ መልሱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ፈቃድ መልካምነት በውጤቱ አይለካም ብሏል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሾፌሮች እኩል ጥፋተኛ ናቸው። ወረቀት ላይ እስማማለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ልጁ በዚያ ውኃ ተወስዶ ቢሆን ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር። ለእናቱ ምን እላለሁ? በተመሳሳይ ቃል፣ በተመሳሳይ ሰከንድ፣ በዚያው «ቦርሳዬ» አንድም ነፍስ ያጠፋ፣ አንድም ጉርሻ የሰጠ እንግዳ መሆን እችል ነበር። የትኛው እንደምሆን የወሰነው ጋራው ላይ የዘነበው ዝናብ መጠን ነው።

አማርኛችን ለዚህ ሁለት አባባል አለው። አንዱ «ምንም አልሆነም» ነው። ሌላው «እግዜር አወጣችሁ» ነው። ሃይማኖተኛ ነኝ አልልም፣ ግን ሁለተኛው የበለጠ ትክክል ነው እላለሁ። «ምንም አልሆነም» ሂሳብ ይዘጋል። «እግዜር አወጣችሁ» የሚል ሰው ግን መውጣታችሁ የናንተ ሥራ እንዳልሆነ እየነገራችሁ ነው፤ ስትገቡ ተሳስታችኋል፣ ስትወጡ ተሰጥቷችኋል ማለት ነው። የሱም አደጋ አለው፤ ምስጋናውን ሁሉ ወደ ላይ ልከን ደረቱ ድረስ ውኃ የገባውን ልጅ እንረሳለን።

የኔ ሙያም ይሄን በሽታ ያውቀዋል። ዓርብ ማታ ሳትፈትሸው የጫንከው ኮድ ሰኞ ጠዋት እየሠራ ታገኘዋለህ። ምን ተማርክ? ዓርብ ማታ ሳይፈትሹ መጫን ይቻላል። በሚቀጥለው ዓርብ ትደግመዋለህ። ሲወድቅ ብቻ ሁላችንም ተሰብስበን ለምን ወደቀ ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ለጥቂት ስለተረፈው ማንም አይጽፍም። እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር መንኮራኩር በተነሳች በ73 ሰከንዷ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሲሞቱ፣ የሮኬቱ ማሸጊያ ጎማ መጎዳት ከዚያ በፊት በነበሩ በረራዎችም ታይቶ ነበር። መንኮራኩሮቹ ግን በሰላም ስለተመለሱ ጉዳቱ እንደ ጤነኛ ነገር ተቆጠረ። ዳያን ቮን የተባለች የሶሲዮሎጂ ምሁር ይሄን «ስህተት ልማድ ሲሆን» በሚል መንፈስ ተንትናዋለች። አቪዬሽን በሌላ በኩል ብልህ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ አብራሪዎች አደጋ ሳይደርስ ለጥቂት ያመለጡትን ሁሉ የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት ከ1976 ጀምሮ ይሠራል። አዎ፣ ሁለቱ ፈላስፎች በተከራከሩበት በዚያው ዓመት።

የሸለቆውም ዓለም የራሱ መዝገብ አለው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1997 አሪዞና ውስጥ አንቴሎፕ ካንየን በተባለው ሸለቆ 11 ጎብኚዎች በደራሽ ውኃ ሞቱ። ከባዱ ዝናብ የወረደው ከነሱ ራስ በላይ አልነበረም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ላይ ነበር። በ1999 ሐምሌ 27 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳክሰተን በተባለ ወንዝ ሸጥ ውስጥ 21 ሰዎች ሞቱ፤ 18ቱ ጎብኚ ወጣቶች፣ ሦስቱ መሪዎቻቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት የድርጅቱን ኃላፊዎች በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላቸው። ስለነሱ ሳነብ የቆየሁት የሞቱት ጎብኚዎች ላይ ሳይሆን ሦስቱ መሪዎች ላይ ነው።

በዩታ አሮን ራልስተን የተባለ ወጣት በ2003 ለማንም ሳይናገር ብቻውን ሸለቆ ገብቶ ክንዱ ቋጥኝ ሥር ተቀርቅሮ ለአምስት ቀን ከቆየ በኋላ ክንዱን ቆርጦ ወጣ። ፊልሙን ያላየ ጥቂት ነው። እንደ እብደት ልታዩት ትችላላችሁ፣ ግን ለስህተቱ የከፈለው በገዛ ክንዱ ነው። እኔ ለስህተቴ ልከፍል የነበረው በሌላ ሰው ልጅ ነው። አደጋ የሚወድ ሰውን መውቀስ አልፈልግም፤ መኖር ራሱ ከወንበር መነሳት ይፈልጋል። ጥያቄው አደጋው የማን ነው የሚለው ነው።

ይሄን ሁሉ ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው ሰማኝና «አትጃጃል» አለኝ። «ልጁ አዋቂ ነው፤ ተስማምቶ ነው የገባው፤ ተከፍሎታል። አንተ ባትሄድ ሌላ ይሄዳል። ሁሉም እንዳንተ ፈርቶ ቢቀርስ ምን ይበላል?» ይሄ ክርክር ቀላል አይደለም። ቦንጋ ውስጥ በእንግዳ ለሚተዳደር ወጣት የኔ ፀፀት ዳቦ አይሆነውም።

ግን «ተስማምቶ» የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። ልጁ ጠዋት የተናገረው አንድ ነገር ነው፦ ላይ ዘንቧል። ከዚያ በኋላ የተናገርነው ሁሉ የኛ ነው። አምስት ሆነን፣ አንድ አፕ ይዘን፣ በመጨረሻ ብር ጨምረን ዝም አስባልነው፤ ዝምታውን «እሺ» ብለን ተረጎምነው። የቀጠርነው ያንን ውኃ ስለሚያውቅ ነው። ከእውቀቱ ጋር ስንጣላ ግን እውቀቱን ትተን ጉልበቱን ብቻ ይዘን ገባን። ገመድ የሚይዝ፣ ከሥር የሚገፋ፣ ቦርሳ የሚያመጣ።

እዚህ ላይ ነው የኔ መልስ ከኔግል ሾፌሮች የሚለየው። ሁለቱን ሾፌሮች የሚለያቸው ዕድል ነው እንበል። የኛ ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ የዕድል አይደለም፤ ምክንያቱም «ምንም አልሆነም» ውሸት ነው። ሆኗል። ውኃው ሳይመጣ በፊት፣ ጠዋት ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሆኗል። የሚያውቅ ሰው ቃል በሂሳብ ተሽሯል። ውኃው ባይመጣም ኖሮ ያ ሆኖ ነበር። ውጤቱም ይቀጥላል፤ ልጁ እንግዳ ደመና ሲነግሩት እንደማይሰማ፣ ብር እንደሚጨምር፣ ገብቶም በሰላም እንደሚወጣ አይቷል። በሚቀጥለው ጊዜ ጋራው ላይ ደመና ሲያይ ይናገራል? ለምን ይናገራል? ከኛ በኋላ የሚመጡት እንግዶች የሚገቡበት ሸጥ እኛ ከገባንበት የበለጠ አደገኛ ነው፤ ያደረግነው እኛ ነን።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ልምምድ ሁሉ አድርጌ። ስጀምር አቋረጠኝ።

«ኧረ ወንድሜ፣ አንተ መች አዘዝከኝ? እኔ ነኝ የሄድኩት። ያንን ውኃ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው፤ ጊዜ እንዳለኝ አይቼ ነው የገባሁት። እንግዳ ዕቃው ጠፍቶበት ከዚህ ቢሄድ የሚጠፋው የኔ ስም ነው።»

ዝም አልኩ። የፈለግኩት ወይ እንዲቆጣኝ ወይ ይቅር እንዲለኝ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረገም። በኔ ታሪክ ውስጥ እሱ ምስኪን ሆኖ ነበር የቆየው፤ በራሱ ታሪክ ውስጥ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ፀፀቴም እንደ ጉርሻዬ ለኔው የተደረገ ነገር እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ራሱ ቀጠለ። «ግን ጠዋት ያልኳችሁን ብትሰሙኝ ኖሮ፣ ቦርሳውም እዚያ አይረሳም ነበር።»

ለግሩፓችን አንድ አጭር ሪፖርት ጻፍኩ፤ ሰርቨር ሲወድቅ እንደምጽፈው። ምን ተነገረን፣ ማን ተናገረ፣ እኛ ምን መለስን፣ ቦርሳ ለምን ከጀርባ ወረደ። ማንንም አልወቀስኩም። አንዱ «ቆንጆ ትዝታችንን ገደልከው» አለኝ፤ ሁለቱ አንብበው ዝም አሉ። ቪዲዮዋን የለጠፈችው ጓደኛችን ግን ከሥሯ አንድ መስመር ጨመረች፦ መሪያችን ጠዋት አትግቡ ብሎን ነበር።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት ልጁ «ትመጣላችሁ አይደል?» አለኝ። ሌላ የሚያሳየን ቦታ አለው።

«መቼ እንምጣ?» አልኩት።

«እኔ እደውልልሃለሁ» አለኝ። እየጠበቅኩ ነው።